የባለወፍጮው ጠበቃ

ባለፈው ኅዳር መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ውስጥ የደብረ ታቦሩን አውቶቡስ ስጠብቅ ስልኬ ጠራ። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበር። «መምህር ልሳነወርቅ አረፉ» አለኝ። ሰው ሞተ ሲባል ማልቀስ ወጉ ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ ተናደድሁ። ልሳነወርቅ በዋዜማው ደውሎ «እታለም፣ ቅዳሜ የቀረውን አብረን እናነባለን፤ ምክንያት አልሰማም» ብሎኝ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ትውውቃችን ቀጠሮ ሲያፈርስብኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ንዴቴ ሲበርድ የማላውቃት ሴት ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ሴትዮዋ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ እንጂ ምን ሆነሻል አላለችኝም።

ልሳነወርቅ የታሪክ መምህር ነበር፤ እኔ የዚያው ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። የጻፈውን ሁሉ ስተይብ የኖርሁት እኔ ስለሆንሁ፣ ስለ እሱ ለማውራት ከኔ የሚቀድም የለም ብዬ አምናለሁ። ሚስቱም አትቀየመኝም፤ ራሷ «ወረቀቱን አንቺ አግቢው፣ ሰውየውን ለኔ ተይልኝ» ትለኝ ነበር።

ታሪክ ጸሐፊ ስላችሁ የጋይንትን ወይም የጎንደርን ታሪክ የጻፈ እንዳይመስላችሁ። ዕድሜውን የጨረሰው በኮሪያ ጦርነት ላይ ነው። ያውም በጄኔራሎቹ ላይ አይደለም፤ ተራራ ሥር በተወሸቀች፣ ካርታ ላይ በአጉሊ መነጽር በምትፈለግ አንዲት መንደር ላይ። ስሟ አፌ ላይ ስለማይቆም «መንደሯ» እላታለሁ። መምህራኑ ሁሉ ይቀልዱበት ነበር፤ ግንባር ቀደሟ ደግሞ እኔ ነበርሁ። «የራሳችን አንሶህ ነው የሰው ጦርነት የምትለቅመው?» ስለው ከኪሱ የሽምብራ ቆሎ ዘግኖ ያቀብለኝና፣ «የራሳችንንማ ጠላ ቤት ብትገቢ አምስት ታሪክ ጸሐፊ ቁጭ ብሎ ይተርክልሻል። የነዚያን ማን ይጠይቅላቸው?» ይለኛል።

አጭር፣ ቀጠን ያለ፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ የሚሰማ ሰው ነበር። ሲያዳምጥ የቀኝ ሌባ ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ወረቀት ባይኖርም ያነባል። ይህን ያመጣው ከጋይንቷ ቤተ ልሔም ነው። ልጅነቱን እዚያ ድጓ ሲማር ኖሮ፣ ወደ አስኳላው የመጣው ጢሙ ካቀመቀመ በኋላ ነው። እዚያ መጽሐፍ ተገልብጦ አለቀ የሚባለው ጸሐፊው ብዕሩን ሲያስቀምጥ አይደለም። አንዱ ከአዲሱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው አሮጌውን ይዞ በጣቱ ይከተላል። የተዛነፈ ሲያገኝ «ተው!» ይላል፤ ያኔ ሁሉም ይቆማል። ካልተመሳከረ መጽሐፍ መጽሐፍ አይባልም። ልሳነወርቅ ይህን ሥርዓት ሰው ላይ ሁሉ አወጣው። ማንኛውም ሰው የነገረውን ጽፎ ሲጨርስ ይነሣና፣ ወንጌል ሲነበብ እንደሚቆመው ቆሞ፣ «መልሼ ላንብብልዎ» ይላል። ያልተነበበ ምስክርነት እሱ ዘንድ ወሬ ነው።

ይህ ጠባዩ ጠላትም አፍርቶለታል። በአንድ ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህራችን ተቆጥተው ብዙ ተናገሩ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ልሳነወርቅ ነበርና ብድግ አለ። «የተናገሩትን መልሼ ላንብብልዎ። ‹እዚህ ግቢ ውስጥ ከኔ በቀር የሚሠራ ፍጡር የለም› ብለዋል። እንዲሁ ይግባ?» ርዕሰ መምህሩ የራሳቸውን ቃል በሰው አፍ ሲሰሙት ላብ አጠመቃቸው። «እሱስ ይቅር» አሉ። «ይቅር ያሉትም ይግባ?» አላቸው። እኛ ከጠረጴዛ ሥር ተደብቀን መሳቅ እስኪያምረን ድረስ ተቸገርን።

ከኮሪያ ጋር ያስተዋወቅሁት እኔ ነኝ፤ ሳላስበው። እናቴ ያረፈች ጊዜ የትምህርት ቤቱ ሰው ለለቅሶ ስማዳ ወረደ። አገሬ ከወገዳ ወዲያ ነው። ድንኳን ውስጥ እንደወጉ ንፍሮ ሲዞር፣ የእናቴ ወንድም አስር አለቃ ፈንቴ አንድ እፍኝ ዘግነው አዩትና «ኮሪያም አብልተውኛል፤ አምስት ዓይነት እህል ነበረበት» አሉ። አጎቴ በወጣትነታቸው ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ ናቸው። ይህን ነገር ቤተ ዘመዱ መቶ ጊዜ ሰምቶታል፤ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ልሳነወርቅ ብቻ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ማን ነው ያበላዎት፣ አስር አለቃ?»

«ሁለት ጣት የሌለው ሰው ነዋ!»

አጎቴ ጠያቂ በማግኘታቸው ተደስተው ተረኩለት። በረዶ ላይ ከጓዶቻቸው ተነጥለው እግራቸው ደረቀ፤ መራመድ አቃታቸው። አንድ የአገሬው ሰው መንገድ ላይ አገኛቸው። በጨርቅ ከቋጠረው ንፍሮ አበላቸውና፣ ጀርባው ላይ በታሰረ የእንጨት መሸከሚያ አዝሎ ተራራውን አሻግሮ ሐኪሞቹ ዘንድ ጣላቸው። «ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። በምን ቋንቋ ልጠይቀው? መሬት አስቀመጠኝ፣ ላቡን ጠረገ፣ ተመልሶ ሄደ። ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ይሆን?» አሉ። ልሳነወርቅ ኪሱ ውስጥ ያገኘው የተማሪ ስም መጥሪያ ወረቀት ነበር፤ በጀርባው ጻፈው። የሥራ ዘመኑ ሁሉ የተጀመረው በዚያች ወረቀት ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነገር አእምሮ ያለው ሰው አያደርገውም። ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ኮሪያኛ ተማረ። ግቢው ውስጥ እየዞረ ከስልኩ ጋር ሲነታረክ ያበደ የመሰላቸው ወላጆች ነበሩ። ደብዳቤ ይጽፋል፤ መልስ አይመጣም። ሌላ ይጽፋል። በመጨረሻ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘና ሄደ። እዚያ ብርዱ ሲጠናበት ካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቦ ቤተ መጻሕፍት ይገባ ነበር። ፎቶውን ልኮልኝ በሳቅ ሞትሁ። ሁለተኛ ዲግሪውን ጨረሰ፤ ለዶክትሬቱ ቀጠለ። ክረምት ክረምት እየመጣ ያስተየበኛል።

እንግዲህ ያገኘው ይህን ነው። የዚያች መንደር ሽማግሌዎች በጦርነቱ ዘመን ያዩትን የተናገሩበት አሮጌ ጥራዝ አለ። በነሱ አዲስ ዓመት የመጀመሪያዋ ጨረቃ ስትሞላ ታላቅ በዓል ነው። በዚያ በዓል ቀን፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ የታጠቁ ሰዎች ከተራራው ወርደው መንደሯን አቃጠሏት፤ ብዙ ሰው አለቀ። መንገዱን ማን መራቸው? ከበዓሉ የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባለወፍጮው። ድንጋዩ ሁለት ጣቱን የበላበት ሰው ነው። በማግስቱ ሲመለስ «የት ነበርህ?» አሉት። «አንድ ጥቁር ወታደር ተሸክሜ ሐኪም ቤት አደረስሁ» አለ። ማን ይመነው? ነገሩ ለሸንጎ እስኪቀርብ ጥቁሮቹ ወታደሮች ዘመቻቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ገብተዋል፤ ምስክር የለውም። ከሰባት ዓመት ልጁ ጋር አባረሩት። ሰው ደጅ ላይ ሞተ። ለሟቾቹ ድንጋይ ሲቆም ስሙ ሳይጻፍ ቀረ፤ በመንደሯ ታሪክ ላይ ግን ከሐዲ ተብሎ ተጻፈ።

ልሳነወርቅ ልጅቱን ፈልጎ አገኛት። ስሟ ሱንጃ ነው። ያኔ ሰባ ዓመት አልፏት፣ ከመንደሯ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ከተማ ትኖር ነበር። ከተባረረች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ወደዚያ ዞራ አታውቅም፤ የአውቶቡሱ መንገድ በዚያ ሲያልፍ ዙሪያውን ትሄዳለች። እሱ የአጎቴን ነገር ሲነግራት፣ «ልጅ ሁሉ አባቴ ንጹሕ ነው ይላል። ከኔ ሌላ እንዲህ የሚል ሰው አምጣልኝ» አለችው። ይህን ሲነግረኝ ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዶክትሬት፣ ማዕረግ፣ ምናምን የሚባለው ነገር ከዓይኑ ጠፋ። የቀረው የባለወፍጮው ስም ነው።

ስሕተቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ግማሹም የኔ ነው። በዚያ ክረምት የአጎቴን ሙሉ ቃል ሊቀበል አብረን ስማዳ ወረድን። አጎቴ ወባ ይዟቸው ተኝተዋል። ሁለት ሰዓት ያህል ተናገሩ። «ቀኑ መቼ ነበር?» አላቸው። «ማርያም ናት። ጨረቃዋ ሙሉ፣ በረዶው ያበራል» አሉ። እሱም ጻፈ፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ሊነሣ ሲል ተቆጣሁ። «በቃ! አጎቴን ልትገድልብኝ ነው እንዴ? የሰማኸው አይበቃህም?» አልሁት። አጎቴን አየና አዘነላቸው። ደብተሩን አጠፈ። በሕይወቱ መልሶ ሳያነብ የወጣው ያን ቀን ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ብሎ ጽፎ ነበር መሰላችሁ? «በአስተርእዮ ማርያም ዕለት።» ምን ያድርግ! በኛ አገር በብርድ ወራት ማርያም ያልህ እንደሆነ ሰው ሁሉ የሚሰማው የጥሯን ነው። እኔም ስተይበው አላሰብሁበትም፤ ጋይንት፣ እስቴ፣ ስማዳ ብትዞሩ የሚያስብበት ሰው አታገኙም። ባሕረ ሐሳብ ያውቃልና የጨረቃዋን ዕድሜ አሰላ፤ መንደሯ በተቃጠለችበት ዓመት ጥር ሃያ አንድ ጨረቃ ሙሉ ነበረች። እንግዲያውስ ሽማግሌዎቹ ወሩን ተሳስተዋል፣ መንደሯ የተቃጠለችው አንድ ወር ቀድሞ ነው አለ። አለና በታላቅ አዳራሽ፣ በሊቃውንቱ ፊት አቀረበው። ሱንጃ የክት ልብሷን ለብሳ ከፊት ተቀምጣ ነበር።

የመንደሯን ታሪክ ሠላሳ ዓመት ያጠኑ አንድ ፕሮፌሰር ተነሡ። የወፍጮውን መዝገብ አወጡ። «አንተ በምትለው ቀን ባለወፍጮው ሲፈጭ ውሏል። መንደሯም በበዓሉ ቀን መቃጠሏን ከሃያ በላይ ሰው መስክሯል። ወታደርህን የተሸከመው ሌላ ሰው ይሆናል» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሱንጃ ተነሥታ ለልሳነወርቅ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችና ወጣች።

ይህን የነገረኝ በስልክ ነው። «እታለም፣ ሰው ጎዳሁ። ስድሳ ዓመት የተዘጋ ቁስል ከፍቼ ጨው ነሰነስሁበት» አለኝ። አማካሪው ርእሱን እንዲቀይር መክሮታል። «ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?» አልሁት። «መልሼ ያላነበብሁት አንድ ሰው አለ» አለ። ማን እንዳስቆመው ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አላነሣብኝም። ብዙ ጊዜ ቢያነሣብኝ ይሻለኝ ነበር።

በነሐሴ መጣ። ዝናቡ የወገዳን መንገድ አበላሽቶት መኪናው ጭቃ ላይ ቀረ፤ የሦስት ሰዓት መንገድ ጃንጥላ ይዘን በእግራችን ሄድን። በየወንዙ ሱሪውን እየጠቀለለ፣ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ራሱ ላይ አስሮ ሲሻገር «ዶክተር ተብዬ!» እያልሁ ስቄበታለሁ። ግን ስለ አጎቴ ፈርቼ ነበር። ሰማንያ ያለፉ ሽማግሌ ናቸው፤ በዚህ ዓመት ባሰባቸው ወይም ረሱት ቢባልስ?

አጎቴ ድነው፣ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊት እየደገሙ አገኘናቸው። ልሳነወርቅ እርጥብ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ቆመ። «አስር አለቃ፣ የዛሬ ዓመት የነገሩኝን መልሼ ላንብብልዎ።» አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ከጓዶቼ ተነጥዬ» ሲል፣

«ተው!» አሉ።

ልሳነወርቅ ቆመ።

«አስተርእዮ ያለህ ማን ነው?»

«ኧረ አንቱ ነዎት!»

«እኔ ማርያም አልሁህ። ወሩን መች ጠየቅኸኝ? ሁዳዴ ገብቶ የለም እንዴ! የቆርቆሮ ሥጋ ሲያድሉን አልበላም ብዬ አይደል ጉልበቴ የከዳኝ? ቄሳችን እንኳ ‹ዘማች ነህ፣ ብላ› ብሎኝ ነበር። ‹የእናቴን ጾም ኮሪያ ላይ አልሽርም› አልሁት። ሰውየው ንፍሮውን ሲፈታልኝ የጾም መሆኑን አይቼ ነው ያለቀስሁት። በአስተርእዮማ ቢሆን ምን አስለቀሰኝ?»

ልሳነወርቅ ጣቱን አነሣ። አንጓዎቹን በአውራ ጣቱ እየነካ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲቆጥር ከኛ ቤት ጣራ የሚወርደው ውኃ ብቻ ይሰማ ነበር። «የካቲት ሃያ አንድ» አለ። «የካቲት ማርያም። ጨረቃ አሥራ አምስት።» እንደገና ቆጠረ። ሁለቱም ማርያም፣ ሁለቱም ሙሉ ጨረቃ፤ መካከላቸው ሠላሳ ቀን፤ የመንደሯ በዓል የዋለው በሁለተኛው ነው። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «አምስቱ እህል!» ብሎ ጮኸ። «እታለም፣ አምስቱን እህል ቀላቅለው የሚቀቅሉት ለዚያ በዓል ነው! ለጎረቤት፣ ለዘመድ ይዘውት የሚዞሩት በዚያ ቀን ነው! እኔ ደደቡ በየዓመቱ ስበላው ኖሬ!»

ከዚያ ያየሁትን አልረሳውም። ያ የተቆጠበ ሰው እጁን ዘርግቶ አጎቴን ጉልበት ላይ ሳማቸው። አጎቴ ነገሩ ስላልገባቸው «ምን ነካው?» እያሉ እኔን ያዩኛል። ባለወፍጮው በበዓሉ ቀን ከመንደሯ የጠፋው ንፍሮ ለዘመድ ሊያደርስ ሲሄድ ነበር። መንደሯ ስትቃጠል እሱ ከተራራው ወዲያ የስማዳን ልጅ ጀርባው ላይ ተሸክሞ ያዘግም ነበር። ለአጎቴ አስረዳኋቸው። ሽማግሌው ዳዊታቸውን አጠፉ። «እኔን በመሸከሙ ነው አገሩ የጠላው?» አሉ። «እኔን ባያዝል በሰዓቱ ይመለስ ነበር?»

«ቢመለስ ከሞቱት ጋር ይሞት ነበር» አላቸው ልሳነወርቅ። «አንቱም በረዶው ላይ ይቀሩ ነበር። አሁን ግን ሊመሰክሩለት አሉ።»

ወደ ኮሪያ እንደተመለሰ የካቲቱን ቀን ይዞ መዝገብ ቤት ገባ። ቀድሞ በተሳሳተው ወር ሲፈልግ ያጣውን ወረቀት በሁለተኛው ሳምንት አገኘው። የጦሩ ሐኪሞች የዕለት መዝገብ ነው፤ አንዲት መስመር ብቻ ናት። አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር፣ እግሩ በብርድ የደረቀ፣ አንድ የአገሬው ሰው በጀርባው አምጥቶት ገባ ትላለች። ቀኗ የበዓሉ ቀን ናት። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ፕሮፌሰር ፊት ሦስቱን ምስክሮች አቆማቸው፤ የአጎቴን ቃል፣ የሐኪሞቹን መዝገብ፣ አምስቱን እህል። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ደጋግመው አነበቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁት ስሕተት ነው» አሉና ወገባቸውን አጥፈው እጅ ነሡት። ደግ ሰው ናቸው፤ እኔ ብሆን ይህን የማደርግ አይመስለኝም።

የመንደሯ ሽማግሌዎችም ተሰብስበው መከሩ፤ ስሙ ድንጋዩ ላይ ይጻፍ፣ ልጁም ትግባ ብለው ላኩ። ሱንጃ ግን አልሄደችም። «ወረቀት አባቴን አባረረው፤ ወረቀት ይመልሰው ብዬ አልገባም። ያን አባቴ የተሸከመውን ሰው በዓይኔ አይቼ በጆሮዬ ልስማ» አለች። እንግዲህ ሰባ ምናምን ዓመቷ ነው፣ ወገዳ ደግሞ ሴኡል አይደለም። ልሳነወርቅ «እንዴት አድርጌ አደርሳታለሁ?» ብሎ ሲጨነቅ ከረመ። እሷ ግን በጥር መንገዱ ሲደርቅ ከተፍ አለች፤ ከኛ ሁሉ ቀድማ ከመኪናው የወረደችም እሷ ነበረች።

አጎቴ አሮጌ የወታደር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሜዳልያቸውን አድርገው ደጅ ላይ ጠበቋት። ልሳነወርቅ በመካከላቸው ቆሞ ይተረጉማል። አጎቴ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው «በማርያም ስም፣ የማውቀውን እናገራለሁ» ብለው ጀመሩ። እሷ ፊቷ ምንም ሳይለወጥ ሰማች። የበረዶውን፣ የንፍሮውን፣ የተራራውን ነገር ሁሉ ልሳነወርቅ ከጻፈው ላይ አንብባዋለች። አጎቴ ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ገመዱን እንዴት አሰረው?»

ልሳነወርቅ ደንግጦ ተረጎመ። ይህን እሱም ጠይቆ አያውቅም። አጎቴ ግራ እጃቸውን አነሡ፤ ሁለቱን ጣቶች አጠፏቸው። በቀኛቸው የሌለ ገመድ ያዙ፣ አንገታቸውን ደፉና ጫፉን በጥርሳቸው ነክሰው ወደ ጎን ሳቡት። «እንዲህ ነዋ! ጣቱ አይዝለትም። በጥርሱ አጠበቀው፤ ‹አይዞህ› እንደማለት ጭንቅላቴን መታ መታ አደረገና ተነሣ።»

ትርጉም አላስፈለጋትም። በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። አባቷ ጆንያም ሲያስር፣ የልጅነት ቀሚሷን ቀበቶም ሲቋጥርላት እንዲያ ነበር፤ ይህ ደግሞ የትም አልተጻፈም። ስታለቅስ አጎቴም አለቀሱ፣ እኔም አለቀስሁ፣ ልሳነወርቅ ቆሞ ሁለታቸውን ያያል። ከዚያ ቀና ብላ አንዲት አጭር ነገር ተናገረችው። «ምን አለች?» አልሁት። «አሁን እሄዳለሁ አለች» አለኝ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ልሳነወርቅ ዕረፍት ላይ ቢሆንም በየቀኑ ትምህርት ቤት ይመጣል፤ ከስልኩ አይለይም። ሱንጃ ወደ መንደሯ በምትገባበት ዕለት ገና በጠዋት ደርሶ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ይንጎራደድ ጀመር። ቆሎውን እንኳ አልነካም። መንደርተኛው ቃሉን ያጥፍ ይሆን? ከመንገድ ፈርታ ትመለስ ይሆን? ይህን ሁሉ እየጠየቀ እኛን አደከመን። በአራት ሰዓት ሻይ ላይ ስልኩ ጠራ። ቆሞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። አንድ ነገር ጠየቀ፤ እንደገና አስደገማት። እኛ ሻያችንን ይዘን ፊቱን እናያለን።

«ገባች!» አለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰው ግቢው እስኪሰማ ጮኸ። «በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ እያያት ገባች! በልጅነቱ ድንጋይ የወረወረባት ሽማግሌ እጇን ይዞ የአባቷን ስም በጣቷ አስነካት!»

እኔ እልል አልሁ። የሒሳብ መምህርቷ ተከተለችኝ፣ ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ እየሮጠች መጣችና ሦስተኛ ሆነች። ርዕሰ መምህሩ ከቢሯቸው ብቅ ብለው «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ? ማን ናት የገባችው?» አሉ።

«የኛ ልጅ!» አልኋቸው።